ዝም ያለ ክንድ

ባለማስመሪያው ክንድ የሚያነበው ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። በጤና ጣቢያው ይህን የማያውቅ አልነበረም። ከሦስት ቀን በፊት የመመርመሪያዋን ጠብታ ከቆዳቸው ሥር የወጋቸው ሰዎች እጅጌያቸውን ሰብስበው ፊቱ ሲቀመጡ፣ ክንዳቸውን ጠረጴዛው ላይ ያስዘረጋና ዓይኑን ከድኖ የሌባ ጣቱን ጫፍ ከአንጓቸው ወደ ክርናቸው በቀስታ ያንሸራትታል። «ቅላት ዓይንን ያታልላል፤ ጣትን ግን የሚያታልል የለም» ይላል። ጣቱ ጠጠር ያለ ነገር ካገኘ ግራና ቀኙን በእስክሪብቶ ነጥብ ያደርግና፣ ከደረት ኪሱ ያቺን የተጫጫረች የላስቲክ ማስመሪያ መዝዞ ይለካል። እብጠቱ አሥር ሚሊ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የሳንባ ነቀርሳ ዘር ሰውነት ውስጥ ገብቷል ማለት ነውና ሰውየው ለተጨማሪ ምርመራ ይላካል። ክንዱ ሜዳ ከሆነ ደግሞ «ዜሮ!» ይላል። ዜሮን እንደ ምርቃት የሚናገር ሰው ከእሱ ሌላ ታይቶ አይታወቅም።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሠራ። ወጣት ሐኪሞች ግራ ሲገባቸው ሰው ይልኩበት ነበር፤ እሱም አይጠላም። ሲያሞግሱት የሌባ ጣቱን ቀና አድርጎ «ይቺ ዋሽታ አታውቅም» ይላል። እውነቱን ነው፤ ዋሽታ አታውቅም። በእትዬ ክንድ ላይም አልዋሸችም። ጉዱ እዚያ ላይ ነው።

እትዬ ታላቅ እህቱ ናት፤ በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጠዋለች። እናትና አባታቸው በአንድ ክረምት ተከታትለው ሲሞቱ እሱ ስድስት፣ እሷ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ከዚያ ወዲህ እናቱም አባቱም እሷው ሆነች። አላገባችም። ሰው ለምን ብሎ ሲጠይቃት «ማን ያገባኛል? ጓዜ ብዙ ነው» ትልና በአገጯ ወደ እሱ ትጠቁማለች። እሱም አንዴ ለማግባት ሞክሮ ሳይሆንለት ቀረ። ሁለቱ በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ አብረው አረጁ። አርባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ፀጉሩ ከፊት ሸሽቷል፣ ሆዱ የነጭ ጋውኑን ቁልፍ መግፋት ከጀመረ ቆይቷል። ለእሷ ግን ዛሬም ማሙሽ ነው።

እትዬ የክር ፋብሪካው ክበብ ውስጥ ምግብ አብሳይ ናት። ለሦስት መቶ ሠራተኛ የሚሆን ምሳ፣ ልጅ ቁጭ ብሎ ሊታጠብበት በሚችል ድስት ታበስላለች። አመሻሹ ላይ ባለ ሦስት ደርብ ምሳ ዕቃዋን አንጠልጥላ ትገባለች፤ አንዱ ደርብ ሩዝ፣ አንዱ ባቄላ ወይም ድንች፣ ቀን ሲቀና ሦስተኛው ሥጋ ነው። ጠረጴዛው ላይ ትደረድርለትና ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ሲበላ ታየዋለች።

«አንቺስ?» ይላታል፣ አፉን ሞልቶ።

«ኧረ እኔ በልቻለሁ! ቀኑን ሙሉ ድስት ላይ ተደፍቼ እየዋልኩ ልራብ ነው? ሽታው ብቻ ያጠግባል።»

«በልቻለሁ» የሚለውን ቃል ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ነው የሚሰማው። አንድ ዳቦ ለሁለት በነበረበት ዘመን «በልቻለሁ» ስትለው ልጅ ነበርና አመናት። ካደገ በኋላ ደግሞ ደመወዝ አለው፣ ጓዳው ባዶ አይደለም፣ እሷም ቀኑን የምትውለው ምግብ መሀል ነው፤ ምን ብሎ ይጠርጥር? ሠላሳ አምስት ዓመት የሰሙት ቃል እንደ ግድግዳ ሰዓት ነው፤ ይመታል፣ ግን ጆሮ የሚሰጠው የለም።

ሳሉ የጀመራት ዝናቡ ሊወጣ ሲል ነበር። መጀመሪያ «ቃሪያው አነቀኝ» አለች፤ ቀጥሎ «ጭሱ ነው»፤ ቀጥሎ ምንም ማለት ትታ ሽርጧን አፏ ላይ ማድረግ ያዘች። ጠዋት ጠዋት ትራሷን አውጥታ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። እሱ በዚያ ትራስ አጠገብ አልፎ ወደ ሥራው ይሄድና፣ ፊቱ የተቀመጠውን በሽተኛ ሁሉ «ሌሊት ያልብሃል? ትራስህ ይርሳል?» እያለ ሲጠይቅ ይውላል። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል የሚባለው ለካ ለባለ ጠበሉም ነው፤ ለሰው የሚያውቀውን ለቤቱ አላወቀውም።

ሳል ይዞ ስርቆት፣ ቂም ይዞ ጸሎት አይሆንም ይባላል። ሦስት መቶ ሰው በተሰለፈበት የምግብ መስኮት ላይ ሳል መደበቅ ደግሞ ከስርቆትም ይከፋል። የክበቡ አለቃ አንድ ቀን ጠራትና «እማዬ፣ ወይ የጤና ምስክር ወረቀት አምጪ፣ ወይ ቤትሽ አርፈሽ ተቀመጪ» አላት። ወረቀቱ ለኩሽና ሠራተኛ በየስድስት ወሩ የሚታደስ ነው፤ የእሷ ጊዜው አልፎ ነበር። በማግስቱ ጤና ጣቢያ መጣች።

የጤና ጣቢያው አካሄድ የታወቀ ነው። መጀመሪያ ካርድ ማውጫው መስኮት አለ። ከዚያ ሚዛን። ሚዛኑ ላይ የምትቀመጠው ጡረታ ከወጣች በኋላ በኮንትራት የተመለሰች አሮጊት ናት፤ እማማ ሚዛን ይሏታል። የሰውን ኪሎ በሹክሹክታ መናገር አይሆንላትም። «ሰማንያ ሁለት! አንተ ሰውዬ ወንበሬን እንዳትጠጋ!» ትላለች። «አርባ አምስት! ልጄ፣ ነፋስ ሳይወስድሽ ኪስሽ ድንጋይ ጨምሪ!» ኮሪደሩ ይስቃል፣ የተመዘነው ያፍራል፣ እሷ ግን ቀልዷን እየቀለደች የከሳውን ሁሉ ካርድ በቀይ አስምራ ነው የምታሳልፈው። በእሷ በኩል ያላለፈ ሰው ባለማስመሪያው ክፍል አይደርስም።

ባለማስመሪያው በበሩ ብቅ ሲል እትዬን አየ። ከሠላሳ ሰው ኋላ፣ ግድግዳ ተደግፋ፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ ቆማለች። አንጀቱ አልቻለም። ያሳደገችው እህቱ ወረፋ ልትቆም? እማማ ሚዛን ኪሎዋን ለኮሪደሩ ልታውጅባት? ሄዶ እጇን ያዘና በጓሮ በር አዙሮ በቀጥታ ክፍሉ አስገባት። የተሰለፉት አጉረመረሙ። እሱ ግን ኮራ ብሎ ነበር፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለዘመዱ ያደረገው የመጀመሪያ ውለታ መሆኑ ነው።

«አክታ መስጠት አለብሽ» አላት፣ ደንቡ እንደዚያ ስለሆነ።

«ምን አክታ አለኝ? ደረቅ ሳል ነው። ደግሞ አክታ ብለህ መዝገብ ላይ ካሰፈርከኝ ውጤቱ እስኪመጣ ከሥራ ያግዱኛል። ቤት ተቀምጬ ምን ልሠራ? ግድግዳ ልቁጠር? ያንተ ጣት አይደለች እንዴ ዋሽታ የማታውቀው? ክንዴን እይልኝና ይብቃ።»

ጣቱን ባታነሳበት ኖሮ ምናልባት እንቢ ይል ነበር። መርፌውን አዘጋጀ። ቆዳዋን ወጠር ሲያደርገው እንደ ላላ እጅጌ ተከተለው፤ ክንዷ ከሥሩ የሚይዘው ሥጋ አልነበረውም። አየው። አየውና «አንቺ እኮ ድሮም ቀጭን ነሽ» አላት። «ድሮም ቀጭን ነኝ» አለች። ጠብታዋን አስገብቶ በእስክሪብቶ ከበባትና እስከ ሦስት ቀን እንዳታክከው ነገራት።

በሦስተኛው ቀን በዚያው በጓሮ በር ገባች። ክንዷን ዘረጋችለት፣ እሱም እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፈነ። ያን ክንድ በዓይኑ ቢያነበው ኖሮ ሌላ ነገር ያነብ ነበር። ጣቱ ግን የተላከችው እብጠት ልትፈልግ ነውና ሄደች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ሄደች፤ ምንም የለም።

«ዜሮ!»

እትዬ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ አመሰገነች። እሱ ደግሞ ከደስታው የተነሳ አስነጠሰው፤ ደስ ሲለው ማስነጠስ አመሉ ነው። ቅጹን አወጣ። ክብደት የሚል መስመር አለ።

«ስንት ኪሎ ነሽ?»

«እኔ ምን አውቄ። ሃምሳ ምናምን በል።»

ሃምሳ አምስት ብሎ ጻፈ። ከሥሩ የምግብ ሁኔታ የሚል አለ። እሱን እንኳ አልጠየቃትም። ሳቅ ብሎ «በቂ፤ ምግብ አብሳይ ናት» ብሎ ሞላው፣ ፈረመ፣ ማኅተሙን ትንፋሹን እፍ ብሎበት መታ። የዚያን ዕለት ምሳ ዕቃው ውስጥ ሩዙ ላይ የተቀቀለ እንቁላል ነበረበት። «የደስታ ነው» አለችው። ከደስታዋ አንድ ጉርሻ እንኳ አልቀመሰችም፤ እሱም ልብ አላለም።

ሁለት ወር አለፈ። ወረቀቱ ኩሽናው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ እትዬም ከሥሩ እየሳለች ሦስት መቶ ሰው አበላች። ስለ ሳሏ ሲጠይቋት ወደ ወረቀቱ ትጠቁማለች፤ «ወንድሜ ነው ያነበበው» ትላለች።

አንድ ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ጭልፋዋን እንደያዘች የምግብ መስኮቱ ሥር ወደቀች። ሽርጧ ላይ ደም ነበር። የፋብሪካው የጭነት መኪና አመጣት። በዚህኛው ጊዜ እንደ ማንኛውም ሰው በፊት በር ነው የገባችው፣ በቃሬዛ። መቆም ስላልቻለች እማማ ሚዛን ዘበኛውን አስታቅፋ መዘነቻት፤ ከዚያ ዘበኛውን ብቻውን መዘነችና ቀነሰች። ኮሪደሩ እንደ ልማዱ ጩኸቷን ጠበቀ። አሮጊቷ ግን ቁጥሩን ካርዱ ላይ ጻፈችና ካርዱን ገልብጣ ደረቷ ላይ ያዘችው።

«ስንት ነው?» አላት ባለማስመሪያው።

«ሠላሳ አራት» አለችው በሹክሹክታ። ቀና ብላም አየችው። «በእኔ በኩል አላለፈችም እኮ። ባለፈው በእኔ በኩል አላለፈችም።»

የአክታው ውጤት በማግስቱ ወጣ፤ በሽታው ሞልቷል። ሐኪሟ ባለማስመሪያውን ክፍሏ ጠራችው። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት፤ ሲያገኛት ቆማ ነው ሰላም የምትለው። አሁንም ተነስታ ወንበር ሰጠችውና ያንን ቅጽ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እርስዎ ያነበቡት ነው?»

«እኔ ነኝ። ግን ዜሮ ነበር ዶክተር፤ እምላለሁ ዜሮ ነበር! ሁለቴ ነው ያየሁት፤ ጣቴ...»

«ዜሮ እንደነበር አምናለሁ» አለችው። መቆጣት አልፈለገችም፤ ያ ነው የባሰበት። «ጣትዎ አልተሳሳተችም። ግን እብጠቱን መርፌው አይደለም እኮ የሚያመጣው፤ ሰውነት ነው። ሰውነት የሚያውቀውን ጠላት ሲያገኝ ወታደሮቹን ጠርቶ እዚያ ቦታ ያከማቻቸዋል። እርስዎ በጣትዎ የሚያገኙት እነሱን ነው። ወታደር ደግሞ ስንቅ ይፈልጋል። ለወራት ያልበላ ሰውነት ማንን ይጠራል? ማንን ይልካል?»

ደረት ኪሱ ውስጥ ያለችውን ማስመሪያ በመዳፉ ሸፈናት።

«ባለቤት ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባል የለ? እብጠቱ የባለቤቱ ጩኸት ነው። የእህትዎ ሰውነት መጮኺያ አቅም አጥቶ ነው እንጂ ሌባው ቤት ውስጥ ነበር። ለዚህ ነው ከክንድ በፊት ሚዛን የሚቀድመው።» ጣቷን ቅጹ ላይ፣ ሃምሳ አምስት በሚለው ላይ አሳረፈች። ከዚያ ዝቅ አድርጋ «በቂ፤ ምግብ አብሳይ ናት» የሚለው ላይ። «ይሄን ማን ነገረዎት?»

ማንም አልነገረውም። ሐኪሟ የነገረችውንም ቢሆን ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም። በሥልጠና ተምሮታል፤ በገዛ ክፍሉ ግድግዳ ላይ «የከሳ ሰው ዜሮ አይታመንም» የሚል ወረቀት አለ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አቧራ ጠጥቶ ጠርዙ ተጠቅልሏል። ወደ ክፍሉ ተመለሰና ወረቀቱን በእጅጌው ጠረገው። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

እትዬ በጤና ጣቢያው ጓሮ፣ መስኮቱ ሁልጊዜ ክፍት በሆነው የመኝታ ክፍል ተኛች፤ መድኃኒቱም ተጀመረላት። ባለማስመሪያው ደግሞ ከእሷ ጋር የዋሉትን ሁሉ መመርመር ነበረበትና ማስመሪያውን ይዞ ፋብሪካው ሄደ። የኩሽናውን አሥራ አራት ሠራተኞች ወጋቸው፤ በሦስተኛው ቀን ሊያነብ ተመለሰ። በዚህኛው ዙር ዓይኑን አልጨፈነም። የእያንዳንዱን ሰው ፊት፣ የአንገት አጥንት፣ የአንጓ ውፍረት ካየ በኋላ ነበር ጣቱን የሚያሳርፈው። የአምስቱ ክንድ አብጦ ነበር። አምስቱንም ሁለት ሁለት ጊዜ ለካ።

ከአምስቱ አንዷ ሽንኩርት ላጯ ናት፤ ዓይኗ ሁልጊዜ የሚያለቅስ፣ አፏ ግን የማያርፍ ሴት። ክንዷን እየለካ ሳለ «እሷ እንዴት ናት?» አለችው።

«ደህና ናት። ትንሽ ከስታለች።»

«ምን ትክሳ? የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለእሷ አይደል! በልታ መች ታውቃለች!»

ማስመሪያውን ከክንዷ ላይ አነሳ። «እዚህ አትበላም እንዴ? ምግብ እኮ... እሷ እኮ አብሳይዋ ናት።»

«አብሳይስ ብትሆን? አለቃችንን አታውቀውም። ለአንድ ሠራተኛ አንድ ሳህን ነው፤ ከዚያ በላይ ጭልፋ ያነሳች በማግስቱ ሌላ ሥራ ትፈልግ። እሷ ደግሞ ያቺን ሳህኗን ታነሳና ወደ ምሳ ዕቃው ትገለብጣታለች። በየቀኑ። 'ኧረ አንዴ እንኳ ቅመሺ' ስንላት 'ማሙሽዬ ይሄን ይወዳል' ትላለች። ከድስቱ ቂጥ ያረረውን ፍቃ ትበላና ውሃ ትጠጣበታለች፤ እሱም ሲኖር።» አፍንጫዋን በክርኗ ጠረገች። «እኛማ ዘግይታ የወለደችው ነው ብለን ነበር። ስንት ዓመቱ ነው ልጁ?»

ባለማስመሪያው የጋውኑን ቁልፍ የሚገፋውን ሆዱን አየ።

«አርባ አንድ» አላት።

ወደ ቤቱ በእግሩ ሄደ። የሰባት ፌርማታ መንገድ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ሩዝና ባቄላ የበላ መስሎት ነበር፤ ሲበላ የኖረው እህቱን ነው። ይህን ለራሱ በቃል አለው፣ መንገድ ላይ፣ ጮክ ብሎ፤ አንዲት ሴት ዞር ብላ አየችው። ደመወዝተኛ ሆኖ፣ ከሥጋ ቤት አጠገብ እየኖረ፣ አንድ ቀን ድስት ጥዶ «ነይ እትዬ፣ ብዪ» ብሏት አያውቅም። አልመጣለትም ነበር፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አብሳይ እሱ ሆነ። በጠዋት ተነስቶ ሩዝ ይቀቅላል፣ እንቁላል ይቀቅላል፣ በዚያው ባለ ሦስት ደርብ ምሳ ዕቃ ይዞላት ይሄዳል። ሩዙ አንዴ ያርራል፣ አንዴ ጭቃ ይሆናል። እትዬ ግን ከሁለት ማንኪያ በላይ አይወርድላትም፤ የወረደውም አይረጋላትም። ነርሷ ወተቱን በትንንሹ፣ በየሁለት ሰዓቱ ትሰጣታለች። «ሆድም እኮ ሥራ ሲፈታ ሥራውን ይረሳል» አለችው ሐኪሟ። «ብትመጣ ኖሮ፣ ቀደም ብላ...» ብላ ጀመረችና ማንን እያነጋገረች እንደሆነ ትዝ ሲላት ተወችው።

በሦስተኛው ሳምንት ባለማስመሪያው ሐኪሟን አንድ ነገር ጠየቃት፤ የእትዬን ክንድ እንደገና ሊወጋ።

«ምን ያደርግልናል?» አለች ሐኪሟ። «በሽታውን እናውቀዋለን፣ መድኃኒቱንም ጀምራለች። ቢያብጥም ባያብጥም የምንቀይረው ነገር የለም።»

«አውቃለሁ» አላት።

ያውቃል። እሱ ማወቅ የፈለገው በሽታውን አልነበረም፤ ሰውነቷ መጣራት መጀመሩን ነው። መድኃኒት ብቻውን እንደማይዋጋ፣ ከውስጥ የሚያግዘው እንደሚፈልግ ያውቃል። ያ ክንድ አንዴ፣ አንዴ ብቻ ድምፅ ቢያሰማው! ሐኪሟ እንቢ ስትለው ከራሱ ሣጥን አንዲት ብልቃጥና መርፌ አወጣና፣ እህቱ ጓሮው ውስጥ ፀሐይ ላይ ስትቀመጥ ጠብቆ ወጋት። እትዬ አልጠየቀችውም። «ማሙሽ ሲከፋው እንደዚህ ነው፤ የሚወጋው ይፈልጋል» ብላ ብቻ ቀለደችበት።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እብጠት ሲፈራ የኖረ ሰው ሦስት ቀን ሙሉ እብጠት ተመኘ። ያንን ምርቃቱን፣ ዜሮን፣ እንደ እርግማን ጠላው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጓሮው ውስጥ ካለው ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ አገኛት። በሽተኞች ጠያቂያቸውን የሚያገኙት እዚያ ነው፤ ነፋስ አለ፣ ፀሐይም አለ። ብርድ ልብስ ተጠቅልላ ነበር፤ ከብርድ ልብሱ የሚወጣው ፊቷና እጇ ብቻ ነው። ምሳ ዕቃውን አስቀመጠና ክንዷን ጉልበቱ ላይ ዘረጋው። መጀመሪያ በዓይኑ አየው። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ፤ ማየቱን ስላልቻለው ነው እንጂ ለሙያው አልነበረም። ጣቱን ከአንጓዋ ወደ ክርኗ ላከ። መለሰ። አቅጣጫ ቀይሮ እንደገና ላከ። ቆዳና አጥንት፤ በመሀል ምንም። አንዲት ጠጠር ለማግኘት አምስቴ ሄደ።

«ስንት?» አለችው።

ማስመሪያውን ከኪሱ አውጥቶ ባዶው ቆዳ ላይ አስቀመጠና ጎንበስ ብሎ የለካ መሰለ።

«አሥራ ሁለት» አላት።

«ጥሩ ነው?»

«እንዴ! በጣም እንጂ! ሰውነትሽ ነቃ ማለት እኮ ነው እትዬ። መዋጋት ጀመረ ማለት ነው።»

«አላልኩህም?» አለች። «ገና ጉልበት አለኝ።» ትንሽ ሳለች፤ ፊቷን ወደ ማዶ አዙራ በጨርቅ ያዘችው። ከዚያ «በልተሃል?» አለችው።

«በልቻለሁ።»

እትዬ ቀስ ብላ ዞረችና አየችው። የደረቀ ከንፈሩን አየች፣ ጋውኑ ሥር የላላውን ቀበቶ አየች። ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳል ተለውጦ፣ ሳሉ አልፎ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ እንደገና ሳቀች።

«ይቺን ቃል እኮ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ» አለችው። «ለአስተማሪዋ ነው የምታመጣት?»

ቀና ማለት አልቻለም። እትዬ እጅጌዋን በዝግታ ክንዷ ላይ አወረደችና እስከ አንጓዋ አለባበሰችው። ስለ አሥራ ሁለቱ አንድም ቃል አላለችም። መናገርም አላስፈለጋትም፤ የልጇን ውሸት የምታውቅ ሴት አንዱን አውቃ ሌላውን አትስተውም። አራት ቀን ነበር የቀራት፤ የቀኑን ቁጥር ባያውቁትም ሁለቱም ቅርብነቱን አውቀውት ነበር።

«ይቅር በዪኝ እትዬ» አላት። «በጓሮ በር ባላስገባሽ ኖሮ... ብጠይቅሽ ኖሮ... በየቀኑ በላሁብሽ እኮ።»

«በላሁብሽ ይላል እንዴ! አብልቼህ ነው እንጂ። ማን ጠይቆኝ? ወድጄ።» በአገጯ ወደ ምሳ ዕቃው ጠቆመች። «ምን ሠርተህ መጣህ?»

«ሩዝ። እንቁላልም አለው። ላንቺ ነው።»

«እኔ አይወርድልኝም። አንተ ብላው። ከእኔ ራቅ በል፣ እዚያ ጫፍ ላይ ተቀመጥና ብላ። እያየሁህ።»

«እትዬ...»

«ማሙሽ። ብላ አልኩህ።»

ወደ አግዳሚው ጫፍ ሄደና ምሳ ዕቃውን ጭኑ ላይ ከፈተ። የመጀመሪያውን ጉርሻ በግድ ዋጠው። ሁለተኛውን አነሳ። ቀና ሲል እትዬ ከወንበሩ ማዶ ጫፍ አንገቷን ሰግጋ ማንኪያውን እየተከተለች ነበር። ማንኪያው ወደ አፉ ሲጠጋ የእሷ አፍ ይከፈታል፤ እሱ ሲያኝክ የእሷ አገጭ ይንቀሳቀሳል፤ ሲውጥ እሷም ባዶ ጉሮሮዋን ትውጣለች፤ ሕፃን የሚያበሉ እናቶች ሳይታወቃቸው እንደሚያደርጉት።

«ጨው አብዝተሃል» አለችው። ሳትቀምሰው፣ ከፊቱ አንብባ ነው።

«አዎ።»

«ነገ ቀንስ።»

በላ። እንባው ሩዙ ላይ እየወረደ፣ ጨዉም እየባሰበት፣ ሦስቱንም ደርብ እስኪጨርስ በላ። እትዬ አንዲት ጉርሻ ሳታሳልፍ አብራው አኘከች።

«ጠገብክ?» አለችው፣ ክዳኑን ሲገጥም።

«ጠገብኩ እትዬ።»

«እሰይ» አለችና፣ እሷም እንደጠገበ ሰው፣ በብርድ ልብሱ ሥር ሆዷን በመዳፏ ዳበሰች።